ያላየሁት ሁሉ አልነበረምን? ስለ ዓይን፥ ስለ ልብና ስለ እውነተኛ ምስክርነት የተጻፈ ምክር

የምንባብ ስፍራ፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከቍጥር 22 እስከ 24፤ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከቍጥር 38 እስከ 42።



ሰው በፍርድ ሸንጎም ሆነ በጎረቤት ፊት ስለ ባልንጀራው ሲመሰክር ከሁሉ ይልቅ የሚታመንበት ነገር ዓይኑ ነው። «በዓይኔ አይቻለሁ» ያለ እንደ ሆነ ሰሚው ሁሉ ዝም ይላል። «እኔ እዚያው ነበርሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ያለ እንደ ሆነም ነገሩ ተፈጸመ ይባላል። ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ ቃሎች እኩል አይደሉም። የፊተኛው ያየነውን ይናገራል፤ የኋለኛው ግን ያላየነውን ሁሉ ከዓለም ያስወጣዋል። ይህን ልዩነት የተማርሁት ከመጽሐፍ አስቀድሞ በበደሌ ነውና፥ እናንተ ሳትበድሉ ትማሩት ዘንድ እጽፍላችኋለሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንዲት ከተማ በወንጌል ሥራ ሳገለግል፥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ገጠር የሚላኩትን ትንንሽ መጻሕፍት በጠረጴዛ ላይ እቈጥር ነበር። ሃያ ሃያውን እያሰርሁ፥ ለየመንደሩ የሚደርሰውን ቍጥር በልቤ ይዤ፥ እንዳይጠፋብኝም ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ እቈጥር ነበር። በዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ከመጻሕፍት ሽያጭ የተሰበሰበ ገንዘብ በጨርቅ ከረጢት ተቀምጦ ነበር። በማኅበሩ ቤት እያገለገለ የሚማር አንድ ወጣት ውኃ አምጥቶልኝ ወጣ። ቈጠራዬን ፈጽሜ ቀና ብል ከረጢቱ የለም።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠየቁኝ። እኔም «ከዚህ ስፍራ አልተነሣሁም፤ ከዚህ ልጅ በቀር የገባ ሰው አልነበረም» ብዬ መሰከርሁ። ልጁ አለቀሰ፥ ማለም፤ ቃሉን የሰማለት ግን አልተገኘም፤ እኔ የታመንሁ ሰው ነበርሁና። በማግሥቱ ከቤት ተሰናበተ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። የማኅበሩን ገንዘብ የምትጠብቀው እናት በዚያው ማታ መርዶ ደርሶባት መልእክት ወደማይደርስበት ገጠር ሄዳ ነበር። በስምንተኛው ቀን ከለቅሶ ስትመለስ የሆነውን ነገርናት። እርስዋም ደንግጣ «ከረጢቱን እኮ እኔ ወስጄ በሣጥን ቈልፌበታለሁ። ሲቈጥሩ ሰላም ብዬዎት ራስዎን ነቅንቀውልኛል» አለችኝ። ሣጥኑ ተከፈተ፤ ገንዘቡም አንድ ሳንቲም ሳይጐድል ተገኘ። ከእኔ ሁለት ክንድ በማይርቅ ስፍራ ቆማ ነበር። ዓይኔም ክፍት ነበር። እኔ ግን አላየኋትም።

ልጁን ፍለጋ ወጣሁ፤ በሦስተኛውም ቀን በአንድ ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም አገኘሁት። በእግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንሁት። እርሱም አነሣኝና «መምህር፥ እርስዎ እንደማይዋሹ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ‹አላየሁም› ቢሉ ይበቃ ነበር፤ ‹አልነበረም› ስላሉ እኔ ሌባ ሆንሁ» አለኝ። ይቅር አለኝ፤ ወደ ትምህርቱም ተመለሰ። ነገር ግን እናቱ በመንደሩ ሰው ፊት ያፈረችውን እፍረት መልሼ ልወስድላት አልተቻለኝም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ዕውር አልነበርሁም፤ ሰካራምም አልነበርሁም፤ ልዋሽም አላሰብሁም። መልሱን ያገኘሁት ስለ ሰው አንጎል ሊቃውንት የመረመሩትን ባነበብሁ ጊዜ ነው። የሚከተለውም የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ. ስለ ሥጋ ዓይን

በፊታችን ያለውን ሁሉ ዓይናችን እኩል አጥርቶ የሚያይ ይመስለናል፤ እንዲህ ግን አይደለም። ክንድህን ዘርግተህ አውራ ጣትህን አቁም። ዓይን በአንድ ጊዜ ፈጽሞ አጥርቶ የሚያየው የጣትህ ጥፍር የሚሸፍነውን ያህል ስፍራ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚያ በራቀ መጠን እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህን እንዳናውቅ ያደረገን የዓይን ፍጥነት ነው፤ ዓይናችን በአንድ ሰኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘላልና። በሚዘልበትም ቅጽበት አንጎል የሚመጣውን ምስል ያዳክመዋል። ብትጠራጠር በመስተዋት ፊት ቁም፤ አንድ ጊዜ ግራ ዓይንህን፥ አንድ ጊዜ ቀኝ ዓይንህን ተመልከት። በአጠገብህ የቆመ ሰው ዓይንህ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ አንተ ግን የገዛ ዓይንህን ሲንቀሳቀስ ከቶ አታየውም።

ከዚህም በላይ በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ምንም የማያይ ስፍራ አለ። ይህን በ17ኛው መቶ ዓመት ኤድም ማርዮት የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ገለጠው። በወረቀት ላይ ስምንት ሳንቲሜትር ያህል ተራርቀው ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ነጥቦች ጻፍ። ግራ ዓይንህን ጨፍነህ በቀኝ ዓይንህ የግራውን ነጥብ ብቻ እየተመለከትህ ወረቀቱን ወደ ፊትህ አቅርበው። ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል ሲቀር የቀኙ ነጥብ ይጠፋል። ስፍራው ላይ ግን ጥቁር ቀዳዳ አይታይህም፤ አንጎልህ በአካባቢው ባለው ነጭ ቀለም ይሞላዋል። ነጥቡ በወረቀቱ ላይ አለ፤ አንተም «የለም» ብለህ ለመማል ትደፍራለህ።

ምክንያቱም ይህ ነው። በአንድ ዓይን ውስጥ ብርሃንን የሚቀበሉ ከመቶ ሚሊዮን የሚበልጡ ሕዋሳት አሉ፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች ብቻ አሉት። ይህም ነርቭ ከዓይን በሚወጣበት ስፍራ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። እንግዲህ መልእክቱ ገና ከዓይን ሳይወጣ መምረጥና ማሳጠር ተጀምሯል ማለት ነው።

2ኛ. ስለ ልብ ዓይን

አባቶቻችን «አየሁ» እና «ልብ አልሁ» የሚሉትን ቃሎች መለየታቸው በጥበብ ነው። ዓይን አንድ ነገር ቢመለከት እንኳ ልብ ያላለው እንደ ሆነ ሰውዬው አላየውም። የጀርመን ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ (1821–1894) ይህን በጨለማ ክፍል መረመረው። ፊደላት የተጻፉበትን ሰሌዳ በጨለማ አቆመ፤ ዓይኑን በአንዲት የብርሃን ነጥብ ላይ ተክሎ ሳያንቀሳቅስ፥ ልቡን ግን አስቀድሞ ወደ መረጠው ወደ ሰሌዳው አንድ ወገን አዞረ። ከዚያም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሰሌዳውን ለቅጽበት አበራው። ልቡን በሰጠበት ወገን ያሉትን ፊደላት ለየ፤ የቀሩትን ግን ሊለይ አልቻለም። ዓይኑ ሳይንቀሳቀስ ልቡ ተንቀሳቀሰ።

በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ አሜሪካውያን ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን ፈተና አሳተሙ። ነጭ ልብስና ጥቁር ልብስ የለበሱ ሰዎች ኳስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ ፊልም አዘጋጅተው፥ ለሚመለከቱት ሰዎች የአንደኛውን ወገን ቅብብል ቍጠሩ አሏቸው። በመካከሉ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ፥ በተጫዋቾቹ መካከል ቆሞ፥ ደረቱን መትቶ ወጣ። ከተመልካቾቹ እኩሌታ ያህሉ ጎሪላውን አላዩም። በተነገራቸውም ጊዜ ለማመን የተቸገሩ ብዙዎች ነበሩ። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አስቀምጬ አለቀስሁ። እነርሱ ቅብብል ቈጠሩ፤ እኔ መጻሕፍት ቈጠርሁ።

«ይህ ልምድ የሌላቸው ሰዎች ስንፍና ነው» የሚል አይጠፋም። በ2013 ግን የሳንባን ምስል አንብበው በሽታን በሚለዩ 24 ሐኪሞች ላይ እንዲህ ያለ ፈተና ተደረገ። በምስሉ ውስጥ የትንሽ ጎሪላ ሥዕል ተጨመረ፤ መጠኑም ሐኪሞቹ ከሚፈልጉት እብጠት 48 ጊዜ ይበልጥ ነበር። ከ24ቱ 20ው አላዩትም። የዓይናቸውን መንገድ በሚከተል መሣሪያ ሲታይ ከእነዚህ የሚበዙት በቀጥታ ተመልክተውት ነበር። እንግዲህ ዐዋቂ መሆን ከዚህ አያድንም፤ ሰው የሚፈልገውን ያያልና።

የዚህም ሥር በአንጎል ውስጥ ነው። ከዓይን የሚመጣው መልእክት አስቀድሞ በራስ ቅል ስተኋላ ወዳለው የአንጎል ክፍል ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ጐንና ወደ ላይ ተከፋፍሎ ነገሩ ምን እንደ ሆነና ወዴት እንዳለ ይመረመራል። ከላይኛውና ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ትእዛዝ ይመለሳል፤ በዚያም ትእዛዝ ልብ የተባለው ነገር መልእክት ይበረታል፥ ልብ ያልተባለው ይደክማል። ብዙ ሰው በሚጮኽበት ገበያ የልጅህን ድምፅ ለይተህ እንደምትሰማና የቀረው ጩኸት እንደሚሸሽ ያለ ነው።

ይህ የአንጎል ክፍል ሲጐዳ የሚሆነው እጅግ ያስደንቃል። በደም ሥር መዘጋት ወይም መድማት ምክንያት የቀኝ አንጎላቸው ላይኛው ክፍል የታመመባቸው አንዳንድ ሰዎች፥ ዓይናቸው ደኅና ሳለ በግራቸው ያለውን ዓለም ሁሉ ይተዉታል። ከገበታቸው የቀኙን እኩሌታ በልተው የግራውን ይተዉታል፤ ፊታቸውን በአንድ ወገን ብቻ ይላጫሉ። በ1978 የኢጣልያ ሊቃውንት ቢዚያክና ሉትሳቲ እንዲህ ያሉትን ሁለት የሚላኖ ሕሙማን፥ ደኅና የሚያውቁትን የካቴድራሉን አደባባይ በልባቸው እንዲያዩት ጠየቋቸው። አስቀድመው በካቴድራሉ ፊት ለፊት እንደ ቆሙ አድርገው ሲያስቡ በቀኝ ያሉትን ሕንጻዎች ብቻ ቈጠሩ። ቀጥሎም በካቴድራሉ ደጅ ቆመው ወደ አደባባዩ የሚመለከቱ እንደ ሆነ አድርጉ ተባሉ። ያን ጊዜ አስቀድሞ የተዉአቸውን ሕንጻዎች ቈጠሩ፤ አስቀድሞ የቈጠሩአቸውን ግን ተዉአቸው። ዕውቀቱ ሁሉ በውስጣቸው ነበር፤ ያልተገኘው ልብ የሚልለት ነው።

3ኛ. ለጥቂት ጊዜ ስለሚይዝ ትዝታ

ልብ ያልነውን ነገር ለሥራ ያህል በእጅ እንደሚያዝ የምንይዝበት ሌላ ኃይል አለ፤ ሊቃውንት የሥራ ትዝታ ይሉታል። የልጅነታችንን ነገር የምናኖርበት ጐተራ አይደለም፤ እህሉን ወደ ጐተራ የምናስገባበት እፍኝ ነው። ደግሞም እፍኝ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።

ጆርጅ ስፐርሊንግ በ1960 በሦስት ረድፍ የተጻፉ 12 ፊደላትን ከሰኮንድ ሃያ እጅ አንዱን ለሚያህል ጊዜ ለሰዎች አሳየ። ሰዎቹ አራት ወይም አምስት ያህል ብቻ ተናገሩ። ነገር ግን ፊደላቱ እንደ ጠፉ ወዲያው በድምፅ ምልክት ይህን ረድፍ ተናገሩ ቢላቸው፥ ከየትኛውም ረድፍ ከአራቱ ሦስቱን ያህል መለሱ። እንግዲህ ምስሉ ለቅጽበት ሁሉ በውስጣቸው ነበረ፤ ነገር ግን አንድ ሰኮንድ ሳይሞላ ቀለጠ፤ የተረፈው እፍኝ የያዘው ብቻ ነው። ጆርጅ ሚለር በ1956 የዚህን ትዝታ ልክ ሰባት ገደማ አድርጎ ጽፎ ነበር፤ በኋላ የመረመሩት ግን፥ በ1997 ላክና ቮግል፥ በ2001ም ኔልሰን ካዋን፥ ነገሮችን አያይዞ መጠቅለል ካልተቻለ ልኩ አራት ያህል እንደ ሆነ አሳዩ። በ1959 ደግሞ ፒተርሰን የሚባሉ ባልና ሚስት ሰዎች ሦስት ፊደል ብቻ እንዲይዙ አድርገው፥ ወዲያው ቍጥርን በሦስት በሦስት እየቀነሱ እንዲቈጥሩ አዘዟቸው። 18 ሰኮንድ ሳይሞላ የሚበዛው ከልባቸው ጠፋ። ቍጥሩ ፊደሉን ከእፍኛቸው አስወጣው።

ይህ እፍኝ በአንጎል ውስጥ ስፍራ አለው። በ1971 በአሜሪካና በጃፓን ጦጣዎችን የመረመሩ ሊቃውንት፥ ከግንባር በስተኋላ ባለው የአንጎል ክፍል ያሉ ሕዋሳት፥ ምልክቱ ከዓይን ከተሰወረ በኋላም እስኪፈለግ ድረስ መሥራታቸውን እንደማያቋርጡ አገኙ። ነገሩ ጠፍቷል፤ መብራቱ ግን ገና ይበራል። ይህን መብራት ሌላ ሥራ ቢያጠፋው የተያዘው ይወድቃል።

አሁን የእኔ ነገር ተገለጠላችሁ። እፍኜ በቍጥር ተሞልቶ ነበር። የዚያች እናት መልክ ወደ ዓይኔ ገባ፤ ሰላምታዋ ወደ ጆሮዬ ገባ፤ ራሴም ከልማድ የተነሣ ተነቀነቀ። ነገር ግን ልቤ ሊቀበላት ባዶ እጅ አልነበረውም። ስለዚህ «አላየሁም» ብል እውነት በተናገርሁ ነበር። «አልነበረም» ባልሁ ጊዜ ግን የጥፍሬን ያህል በምታየው ዓይኔ ዓለሙን ሁሉ ለክቼ በባልንጀራዬ ላይ ፈረድሁ።

4ኛ. እንግዲህ እንዴት እንመላለስ?

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ አንዳንዱ «እግዚአብሔር ዓይኔን ጠባብ አድርጎ ከፈጠረው የእኔ ኃጢአት ምንድር ነው?» ይል ይሆናል። ጠባብነቱ ኃጢአት አይደለም፤ ምሕረት ነው እንጂ። ያየነው ሁሉ በአንድነት ወደ ልባችን ቢጎርፍ፥ ተማሪ አንድ መስመር ሊያነብ፥ እናትም በልጅዋ እግር ያለውን እሾህ ልታወጣ ባልቻለች ነበር። ኃጢአቱ ትንሹን መብራት ይዞ «ፀሐይ በእጄ ናት» ማለት ነው። በመዝሙር 103 እንደ ተጻፈው፥ እግዚአብሔር ከትቢያ እንደ ተሠራን አይረሳም፤ የምንረሳው እኛ ነን።

ስለዚህ አስቀድመን በምስክርነት እንጠንቀቅ። በባልንጀራ ላይ የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክለውን ትእዛዝ የሚያፈርስ ዐውቆ የዋሸ ብቻ አይደለም፤ ከዕውቀቱ አልፎ የተናገረም ያፈርሰዋል። የሐና ታሪክ በሳሙኤል መጽሐፍ ተጽፏል። ካህኑ ዔሊ ከንፈርዋ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ድምፅዋን አልሰማም፤ ስለዚህ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ያየው እውነት ነበረ፤ የፈረደው ግን ሐሰት ነበረ። ሐና በተናገረች ጊዜ ግን ዔሊ ሰማት፥ ባረካትም። እኔ ልጁ ሲያለቅስ እንደ ዔሊ መስማት ይገባኝ ነበር። የሙሴ ሕግ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጽና ያለው የአንድ ሰው ዓይን ምን ያህል እንደ ሆነ ፈጣሪ ስለሚያውቅ ነው። ስለ ሰው በተጠየቅህ ጊዜ ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። ያን ጊዜ ልቤ በምን ተይዞ ነበር? ያየሁት ምንድር ነው? ከልቤ የሞላሁትስ ምንድር ነው? ከዚያም ያየኸውን ብቻ ተናገር።

ነገር ግን ይህን ትምህርት ለማምለጫ የሚያደርግ አይኑር። ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ካህኑና ሌዋዊው የቆሰለውን ሰው አይተውት እንዳለፉ ወንጌል ይናገራል። እነርሱ «አላየሁም» ቢሉ ዋሽተዋል። ሳያዩ መቅረት ከሰው ድካም ነው፤ አይቶ ማለፍ ግን ከልብ ድንዳኔ ነው።

ሁለተኛ፤ በአንድ ጊዜ ለሁለት ነገር ልባችንን ልንሰጥ እንደምንችል አንመካ። በ2001 በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ፥ መኪና እንደሚነዳ ሰው ሆነው በስልክ የሚነጋገሩ ሰዎች ያለ ስልክ ከነበሩበት ይልቅ ከእጥፍ በላይ የሚሆን የትራፊክ ምልክት ዘለሉ፤ ስልኩን በእጅ ቢይዙትም ባይዙትም ልዩነት አልነበረም። የተያዘው እጅ ሳይሆን ልብ ነውና። መሪ ጨብጠህ በስልክ የምትነጋገር ወንድሜ ሆይ፤ መንገድ የምትሻገረው ሕፃን ለአንተ ያልታየች ጎሪላ እንዳትሆን ፍራ። ጌታችን ለሁለት ጌቶች መገዛት አይቻልም ማለቱ ስለ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ሰውን የፈጠረ እርሱ ነውና፥ ቃሉ በልብ ሥራ ሁሉ ውስጥ ይሠራል። ማርታ በአገልግሎት ብዛት ተጨነቀች፤ ማርያም ግን በእግሩ አጠገብ ተቀመጠች። ማርታ ክፉ ሥራ አልሠራችም፤ ነገር ግን እፍኝዋ ተሞልቶ ጌታ በቤትዋ ሳለ የሚናገረውን ሳትሰማ ቀረች። ዛሬም በየቤታችን እንግዳ ተቀምጦ እኛ ስልክ የምናይበት፥ ልጅ «አባባ» እያለ አባት በአፉ ብቻ «እሺ» የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። «እሺ» ያለው ራስን እንደ መነቅነቅ ያለ ነው፤ ልብ የለበትም።

ሦስተኛ፤ ልማድ ካሳወረን ዕውርነት እንውጣ። በሉቃስ ወንጌል 16 ያለው ባለጠጋ አልዓዛርን ሲደበድበው ወይም ሲያባርረው አልተጻፈም። አልዓዛር በደጁ ተኝቶ ነበር፤ እርሱ በየቀኑ ይደሰት ነበር። እንደዚያ የሚላኖ ሕመምተኛ ከዓለም እኩሌታውን ትቶ ኖረ፤ ልዩነቱ ግን አንጎሉ ደኅና መሆኑ ነው። በተቃራኒው ጌታችን ሕዝብ ሲጋፋው፥ በጭንቅ ወደ ታመመች ብላቴና ቤት ሲሄድ ሳለ፥ ልብሱን በስውር የነካችውን ሴት ያይ ዘንድ ቆሞ ዞረ። ደቀ መዛሙርቱ ሕዝብ አዩ፤ እርሱ አንዲት ሴት አየ። የክርስቲያን ጠባይ ከዚህ ይጀምራል። እኔ ስለ ነፍስ መዳን የተጻፉትን መጻሕፍት ስቈጥር በፊቴ ያለችውን ነፍስ ረሳሁ። መምህራን፥ ሹማምንት፥ ነጋዴዎችና ተማሪዎች ሆይ፤ የምትቈጥሩት ነገር ምንም የተቀደሰ ቢሆን፥ ስለ እርሱ ያላያችሁት ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።

አራተኛ፤ እፍኛችን ትንሽ ነውና እርዳታ እንፈልግለት። በኦሪት ዘኍልቍ 15 እስራኤል በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉና እርሱን እያዩ ትእዛዙን እንዲያስቡ ታዘዙ፤ በኦሪት ዘዳግም 6 ቃሉን በቤታቸው መቃን እንዲጽፉ ታዘዙ። እግዚአብሔር የሰውን ትዝታ ልክ ያውቃልና ለዓይን ምልክት ሰጠ። ቃል የገባህለትን ሰው ስም በወረቀት ጻፍ። በጸሎት ጊዜ ስልክህን ከአጠገብህ አርቅ። ሰው ሲያነጋግርህ መቍጠርህን አቁም፤ ቍጥሩን ጽፈህ አስቀምጥና ፊቱን ተመልከት፤ ቍጥር ቢጠፋ እንደ ገና ይቈጠራል።

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ ካስቀመጥህ በኋላ፥ በሕይወትህ «አልነበረም» ብለህ የመሰከርህበት ሰው እንዳለ ዛሬ ማታ አስብ። ካለ፥ ሄደህ «አላየሁም ማለት ይገባኝ ነበር» በለው። ሳይመሽ ሂድ፤ እኔ ስምንት ቀን ዘግይቼ የሄድሁበት መንገድ እጅግ ረጅም ነበርና። በሰው ፊት መዋረድ እንዳይመስልህ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ዛሬ የምናውቀው ከፊሉን ብቻ እንደ ሆነ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል፤ ሐዋርያ ይህን ሊናገር ካላፈረ እኛ ስለ ምን እናፍራለን? ሁሉን በአንድነት የሚያይ አንድ ብቻ ነው፤ በእርሱ ዘንድ የተሰወረ ስፍራ፥ የተረሳም ልጅ የለም።

ጸሎት። አቤቱ፥ ዓይንን የፈጠርህ፥ ጠባብ የሆነች ልባችንን ተመልከት። ያላየነውን «የለም» እንዳንል አንደበታችንን ጠብቅ። ያየነውን እንዳናልፍ እግራችንን ያዝ። በፊታችን ያቆምኸውን ባልንጀራ እናይ ዘንድ የሞላውን እጃችንን ባዶ አድርግልን። በምስክርነታችን የተጐዱትን አንተ አጽናና፤ እኛንም ወደ እነርሱ የምንሄድበትን ትሕትና ስጠን፤ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።